በግራው በር ላይ የበዙት ሁለት ሚስማሮች

ታኩሮን መጀመሪያ ያገኘሁት ዓይኔን ጨፍኜ ነው።

እውነቴን ነው። በጃፓኗ ከተማችን በሺዙኦካ በየግንቦቱ በሚደረገው የሞዴል ኤግዚቢሽን ላይ አንዲት ጠባብ ጠረጴዛ ፊት ቆሜ፣ መዳፍ የማትሞላ ብረት ለበስ መኪና አንስቼ ጣሪያዋን በጥፍሬ እየዳበስኩ ነበር። ዓይን ይታለላል። ቀለሙ፣ መብራቱ፣ ሳጥኑ ላይ የተሳለው የሚያምር ሥዕል፣ ሁሉም ያታልለዋል። ጥፍር ግን ጎድጎድ ያለ ነገር ካለ ይገባበታል፣ ትርፍ ፕላስቲክ ካለ ያደናቅፈዋል። ስለዚህ ሰው ይሳቅ አይሳቅ፣ እኔ እጨፍናለሁ።

«ይቅርታ እህቴ... አመመዎት እንዴ?»

ዓይኔን ስገልጥ አንድ ረጅም ሰው ከጠረጴዛው ወዲያ ጎንበስ ብሎ ያየኛል። ሌላው ሁሉ ለኤግዚቢሽኑ ሱፉን ግጥም አድርጎ መጥቷል፤ እሱ በሥራ ቱታ ነው። ጸጉሩ ላይ የብረት ብናኝ አለ።

«ደህና ነኝ» አልኩት። «ጣሪያውን እያየሁ ነው።»

«ጨፍነው?»

«ጨፍኜ።»

«እና... እንዴት አገኙት?»

«ጥሩ ነው። ከኋላ፣ ከመውጫው ክዳን አጠገብ ብቻ አንዲት ጎድጎድ አለች። የሰሊጥ ፍሬ ብታክል ነው።»

እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። ተናደደ ብዬ ሞዴሉን ቀስ አድርጌ አስቀመጥኩ።

«ሦስት ወር ሙሉ ታግያታለሁ» አለኝ። «እስከ ዛሬ ማንም አላገኛትም ነበር።»

«ባላገኛት ይሻል ነበር ማለት ነው?»

«ኧረ አይደለም... ደስ ብሎኝ ነው። እንዴት ብዬ ልንገርዎት... ብቻዬን ነበር የማውቃት።»

እንግዲህ ልቤ የከዳኝ እዚያው ላይ ነው። ሌላዋ ሴት በአበባ ትሸነፋለች፤ እኔ በጎድጎድ ተሸነፍኩ።

ታኩሮ ሱጊያማ ይባላል። አባቱ ያቋቋሙት ትንሽ ወርክሾፕ አላቸው፤ ሥራቸው የቀለጠ ፕላስቲክ የሚፈስበትን የብረት ቅርጽ፣ እኛ ሞልድ የምንለውን፣ መሥራት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ለትልልቅ ኩባንያዎች ሲሠሩ፣ የእነሱ ስም አንድም ሳጥን ላይ ተጽፎ አያውቅም። ይቺ ባለ ስድስት ጎማ መኪና የራሳቸው የመጀመሪያ ሥራ ናት። አባትየው ንድፏን ጀምረው ከአራት ዓመት በፊት አረፉ፤ ልጅየው ጨረሳት። በመስከረም ገበያ ልትወጣ ነው።

«አባቴ አንድ ምኞት ነበራቸው» አለኝ። «ሚስማር ቆጣሪው እንዲገመግማት።»

ትን አለኝ። ምንም ሳልበላ፣ ምንም ሳልጠጣ ትን አለኝ።

ሚስማር ቆጣሪው የብዕር ስም ነው። በከተማችን በሚታተም ወርኃዊ የሞዴል መጽሔት ላይ አዲስ የወጡ የጦር ተሽከርካሪ ሞዴሎችን እየገመገመ ከሃያ ነጥብ የሚሰጥ ሰው ነው። ብረትን ከብረት የሚያያይዙትን ባለ ክብ ራስ ሚስማሮች አንድ በአንድ እየቆጠረ ከእውነተኛው ተሽከርካሪ ጋር ስለሚያስተያይ ነው ስሙ የወጣለት። ማን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ሁሉም ሰው ግንባሩ የተኮማተረ ሽማግሌ አድርጎ ነው የሚስለው።

እኔ ነኝ። ቺዙሩ ሞቺዙኪ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ፣ የመንደሪን ገበሬ ልጅ።

«ያውቁታል?» አለኝ ታኩሮ።

«ትንሽ ትንሽ።»

«ክፉ ነው ይሉታል። እኔ ግን ክፉ አይመስለኝም። ጥርሱን የሚያመው ሰው ነው የሚመስለኝ።»

«ሊሆን ይችላል» አልኩ፣ ጥርሴን በምላሴ እየነካካሁ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አውቃለሁ፣ አትቆጡኝ። ግን የአባቱ ምኞት ነው ካለኝ በኋላ እንዴት አድርጌ «እኔ ነኝ» ልበለው? በመጀመሪያው ቀን አፈርኩ፣ በሁለተኛው ቀን ጨዋታው ጣፈጠኝ፣ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ፈራሁ።

ምክንያቱም በሦስተኛው ሳምንት ወድጄው ነበር።

እሑድ እሑድ ከጣቢያው ጀርባ ያለችው ትንሽ ቤት ሄደን በጥቁር መረቅ የተቀቀለ ዓሣና እንቁላል በእንጨት ተሰክቶ እንበላለን። ሰው ስለ አየር ሁኔታ ሲያወራ እኛ ስለ ጎማ ጥርስ እናወራለን። አንድ ቀን ዝናብ ይዞን ሱቅ በር ላይ ተጠልለን ሳለ «ቺዙሩ፣ በረደሽ?» አለኝ። «በረደዎት» አላለም። ራሱ ደንግጦ አፉን በእጁ ያዘ።

«በረደኝ» አልኩት። «አንተስ?»

ከዚያ በኋላ ወደ «እርስዎ» አልተመለስንም።

ወርክሾፑንም አየሁት። እናቱ ወይዘሮ ሃትሱኤ ትንሽ፣ ፈጣን፣ ሳቂታ ሴት ናቸው፤ ገና በር ላይ «ልጄ» ብለው ተቀበሉኝ። ከዋናው ማሽን በላይ ግድግዳው ሞልቶ ከመጽሔት የተቆረጡ ገጾች ተለጥፈዋል፤ በዘይት ጢስ ቢጫ ሆነዋል። ቀረብ ብዬ ሳይ የእኔ ጽሑፎች ናቸው። የዘጠኝ ዓመት ጽሑፍ! አባትየው እስኪሞቱ የለጠፏቸው፣ ከዚያ ታኩሮ የቀጠላቸው።

«አባቱ ያነቡልን ነበር» አሉኝ ወይዘሮ ሃትሱኤ። «ይሄ ሰው አንድ ሰው ስህተት ሲሠራ አይስቅበትም፣ ያዝንለታል ይሉ ነበር።»

ልክ የሰው ኪስ ውስጥ እጇን እንደተያዘች ሌባ ነው የሆንኩት። ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ።

በነሐሴ የታኩሮ መኪና ሳጥን ለግምገማ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ።

መጽሔታችን ደንብ አለው፤ ሠሪውን የሚያውቅ ገምጋሚ ሥራውን ለሌላ ያሳልፋል። ሳጥኑን ይዤ ወደ አዘጋጁ ወደ አቶ ኩቦኖ ሄድኩ።

«ሠሪውን አውቀዋለሁ» አልኳቸው።

«በዚህ ከተማ ሠሪ የማያውቅ ሰው ከየት ላምጣ?» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «የእኔ የአክስቴ ልጅ እንኳን ሳጥን ነው የሚሠራው። ያኛው ገምጋሚያችን ደግሞ ከአውሮፕላን ሌላ አያውቅም፣ መኪና ብሰጠው ክንፉን ነው የሚፈልገው። ሂጂ ሥሪ።»

«አውቀዋለሁ» ነው ያልኩት። «እወደዋለሁ» አላልኩም። ብል ኖሮ ይወስዱልኝ ነበር።

ሞዴሏ ግሩም ነበረች። ያለ ሙጫ ስገጣጥማት ክፍሎቹ እርስ በርስ ግጥም ግጥም ይላሉ፤ ሻማ አብርቼ ብፈልግ ክፍተት የለም። ጎማዎቹ፣ መብራቶቹ፣ ከውስጥ ያሉት መቀመጫዎች... አባቱን አላውቃቸውም፣ ግን እጃቸው እዚያ ውስጥ አለ። ያቺ የጣሪያዋ ጎድጎድ እንኳን ጠፍታለች። ከዚያ ሚስማር መቁጠር ጀመርኩ። የቀኙ በር፣ አሥራ ሁለት። የግራው በር፣ አሥራ አራት።

ደግሜ ቆጠርኩ። አሥራ አራት። እውነተኛዋ መኪና በአገልግሎት ላይ በነበረችበት ዘመን የተነሱ ሦስት ፎቶዎች አሉኝ፤ ሦስቱም ላይ የግራው በር አሥራ ሁለት ነው። በዓለም ላይ የተረፈችው አንዲት መኪና ብቻ ናት፣ አውስትራሊያ ውስጥ አንድ ሙዚየም። ታኩሮ እዚያ ሄዶ እንደለካት አውቃለሁ። የግራ ጎኗን ግድግዳ አስጠግተው አቁመዋት ይሆናል፣ በደንብ ሳያይ ገምቶ ይሆናል አልኩ። አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው «አንቺ በምን አወቅሽ?» ይለኛላ።

አሁን ደግሞ የሠራሁትን ጥፋት ስሙ። ስለምወደው አለዝባለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ላለማለዘብ ስል ከልክ በላይ አመረርኩ። አሥራ ስድስት ነጥብ ሰጠሁ፣ እሱ ተገቢ ነው። መጨረሻው ላይ ግን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የግራውን በር ሠሪው ቀርቦ አላየውም።» ለማንም እንዲህ ብዬ ጽፌ አላውቅም ነበር።

መጽሔቱ ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከሌላ ሰው ከሚያገኘው ብዬ ወደ ወርክሾፑ ይዤው ሄድኩ። የምሳ ሰዓት ነበር። ወይዘሮ ሃትሱኤ የተድቦለቦለ ሩዝ በሳህን አቅርበዋል።

«ብዪ ልጄ፣ ቀጥነሻል» አሉኝ።

መጽሔቱን ለታኩሮ ሰጠሁት። እጁን ሁለት ጊዜ ታጥቦ ነው የተቀበለኝ። ቆሞ አነበበ።

«ስንት ሰጠን?» አሉ እናቱ።

«አሥራ ስድስት።»

«ከሃያ? አባትህ ይሄን ቢሰሙ ሰፈሩን ሁሉ ይጋብዙ ነበር!»

ታኩሮ አልሳቀም። ጣቱ መጨረሻው መስመር ላይ ቆሟል።

«ቀርቤ አይቼዋለሁ» አለ በቀስታ፣ ለማንም ሳይሆን።

«ታኩሮ...» አልኩ። «ሚስማር ቆጣሪው እኔ ነኝ።»

እናቱ ሳህናቸውን አስቀምጠው አገጬን አዩት።

«ጢም ያለው ነበር እኮ የመሰለኝ» አሉ።

ታኩሮ ወደ ውስጥ ገብቶ አንድ ያረጀ ደብተር ይዞ ወጣ። ከፈተልኝ። የግራው በር በእርሳስ ተስሏል፤ እያንዳንዱ ሚስማር ቁጥር ተጽፎበታል፣ ከአንድ እስከ አሥራ አራት።

«ዘጠኝ ቀን ነው እዚያ የከረምኩት» አለ። «በአምስተኛው ቀን ጠባቂዎቹ አዝነው ወንበር ሰጡኝ። ይሄን በር ሁለት ጊዜ ነው የቆጠርኩት፣ አንዴ በዓይን፣ አንዴ በጣት። አሥራ አራት ነው።»

«የድሮዎቹ ፎቶዎች ላይ ግን አሥራ ሁለት ነው። ሦስቱም ላይ...»

«ወይዘሪት ሞቺዙኪ» አለኝ።

ያን ሁሉ ሳምንት ቺዙሩ ስባል ከርሜ፣ አሁን ወይዘሪት ሞቺዙኪ።

«ነጥቡን እንደፈለጉ ያድርጉት፣ ሥራዎ ነው» አለ። «አራት ወር አጠገቤ ሲቀመጡ ግን፣ አንዴ ‹የግራውን በር አይተኸዋል ወይ?› ብለው መጠየቅ አቃተዎት?»

እውነቱን ነው። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። እናቱ አጥሩ በር ላይ ደርሰውብኝ ያልበላሁትን ሩዝ በጨርቅ ቋጥረው እጄ ላይ አኖሩልኝ።

«ሲከፋው እንደ አባቱ ነው፣ ዝም ይላል» አሉኝ። «አንቺ ግን ዝም እንዳትዪ።»

አውቶቡስ ውስጥ ሩዙን እየበላሁ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት መሐረብ ሰጡኝ፤ ሩዙ ኮምጥጦ መስሏቸው እንደሆነ እንጃ።

ዝም አላልኩም። እሱ አሥራ አራት ቆጥሯል፣ እኔ አሥራ ሁለት ቆጥሬያለሁ፣ ሁለታችንም ቆጠራ እናውቃለን። ታዲያ እንዴት ሊሆን ይችላል? ለሙዚየሙ ኢሜይል ጻፍኩ። ፎቶዎቹንም ላኩ። ሁለት ሳምንት ጠብቄ፣ ከቢሮው ሳይሆን ከአንድ ጡረተኛ መልስ መጣልኝ። አቶ ድሬፐር ይባላሉ፣ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሙዚየሙ የእኔን ደብዳቤ ለሳቸው አሳልፎላቸው ነው።

«ውድ ወይዘሪት» ይላል። «ተይዣለሁ። መኪናዋ ከእርሻ ውስጥ ተቆፍራ ስትወጣ የግራው በሯ በዝገት አልቆ ነበር። አዲሱን በር እኔ ነኝ ከቤቴ ጓሮ የሠራሁት፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመት። የሚያስፈልገው አሥራ ሁለት ሚስማር ነበር። ሁለት ተረፈኝ። እንዲያው መጣሉ አሳዘነኝ። ከባለቤቴ በቀር እስከ ዛሬ ማንም አላወቀብኝም፤ እሷም እስክትሞት ስትስቅብኝ ኖራለች። የዛሬ ጥቂት ዓመት አንድ ጃፓናዊ ወጣት በሩ ፊት ተንበርክኮ በጣቱ ሲቆጥር አይቼ፣ አፍሬ ሻይ አመጣሁለትና ሳልነግረው ቀረሁ። እባክሽ ካገኘሽው ይቅርታ ጠይቂልኝ።»

ሳቅሁ፤ ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ። ተንበርክኮ በጣቱ ሲቆጥር! እኔ ደግሞ ቀርቦ አላየውም ብዬ ለአንባቢ ሁሉ አሳትሜበታለሁ።

አቶ ኩቦኖ ዘንድ ገብቼ ማረሚያ እንዲወጣልኝ ጠየቅኩ፣ በእውነተኛ ስሜ።

«ስምሽን ምን አመጣው?» አሉኝ። «ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ ሆነሽ ተከብረሽ ኖርሽ። አሁን ወጥተሽ ልትሰደቢ?»

«ሰውየውን የወቀስኩት ተደብቄ ነው» አልኳቸው። «ይቅርታውን ግን ተደብቄ አልለውም።»

መነጽራቸውን አውልቀው «ይሄ የምታውቂው ልጅ...» ብለው ጀመሩ።

«እወደዋለሁ» አልኩ።

«ይሄን ነበር በነሐሴ የምትነግሪኝ» አሉና ፈረሙልኝ።

በጥቅምቱ እትም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የግራውን በር ሠሪው ቀርቦ አይቶታል። ዘጠኝ ቀን አይቶታል። ሳላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሙዚየም ያለው በር ሁለት ሚስማር እንደበዛበት የሠሩት ሰው፣ አቶ ድሬፐር፣ ራሳቸው ነግረውኛል፤ ሠሪውንም ይቅርታ ጠይቀዋል። ስለዚህ ነጥቡ ባለበት ይቆያል፤ በሩ አሁንም ከድሮው ጋር አይገጥምም። ዓረፍተ ነገሩን ግን ከነሐፍረቴ አንስቻለሁ። ሚስማር ቆጣሪው፣ ቺዙሩ ሞቺዙኪ።»

አንድ ነጥብ ብጨምር እኮ ታኩሮ ደስ ይለው ይሆን ብዬ ሁለት ቀን አስቤያለሁ። ግን ብጨምርለት ከዚያ በኋላ የማወድስለትን ሁሉ እንዴት ያምነኛል? ባጣውም እየዋሸሁት ከምኖር ይሻለኛል ብዬ ተውኩት።

ሳምንት አለፈ፣ ምንም የለም። ሁለት ሳምንት አለፈ። ስልኬን እያየሁ ዓይኔ ሊጠፋ ደረሰ። ኅዳር ሲገባ ፈቃድ ወስጄ ወላጆቼን መንደሪን ለቀማ ላግዝ ሄድኩ። ማሳችን ገደል የሚያህል ተዳፋት ላይ ነው።

ዛፍ ላይ ተንጠልጥዬ ሳለሁ አባቴ ከላይ ተጣራ።

«ቺዙሩ፣ አንድ ቱታ የለበሰ ሰው ዳገቱን እየወጣ ነው። ሊሞት ነው መሰለኝ!»

ታኩሮ ነበር። ላቡ ይንጠፈጠፋል፣ ትንፋሹ ተቆርጧል፤ አንዱ ጫማው በጭቃ ተይዞ ቀርቷል። አባቴ ከላይ እስከ ታች አየውና ባዶ ቅርጫት አስታቀፈው።

«እጅህ ባዶ ነው፣ ልቀም» አለው። ወደ ላይ ተመለሰ።

ጎን ለጎን ቆመን መልቀም ጀመርን። ሁለታችንም ዛፉን ነው የምናየው።

«ማረሚያውን አነበብኩት» አለ።

«ዘገየህ።»

«ሞልድ እየሠራሁ ነበር። ብረት ላይ ሚስማር መጨመር መቦርቦር ብቻ ነው፤ መቀነስ ግን ቀዳዳውን በብየዳ መድፈን ስለሆነ አሮጌውን አልነካሁትም። አዲስ በር ቀረጽኩ። ከአሁን በኋላ ሳጥኑ ውስጥ ሁለቱም አሉ፣ አሥራ ሁለቱም፣ የአቶ ድሬፐር አሥራ አራትም። የሚገጣጥመው ሰው ይምረጥ።» አንድ መንደሪን ለቀመ። «ታሪኩን በወረቀት ጽፌ ልክተት ፈልጌ አልሆነልኝም። አንቺ ትጽፊልኛለሽ?»

አንቺ አለኝ። መንደሪኑ እጄ ላይ ፈረጠ።

«ከአሥራ ስድስቱ ላይ አልጨመርኩልህም» አልኩት፣ እንባዬ እየመጣ።

«ብትጨምሪ ኖሮ አልመጣም ነበር።»

«እውነት?»

«ብዙ ሰው ሥራህ ያምራል ብሎኛል፣ ቺዙሩ። ዘጠኝ ቀን ወለል ላይ ተንበርክኬ ስቆጥር ግን፣ ይሄን ማን ያይልኛል፣ ለማን ብዬ ነው እያልኩ ነበር። አባቴ የሉ፣ ማንም የለ።» ቅርጫቱን መሬት ላይ አስቀመጠ። «በዚህ ዓለም ላይ የዚያን በር ሚስማር የቆጠርነው እኔና አንቺ ብቻ ነን።»

«አቶ ድሬፐርስ?»

«እሳቸው ሠሩት እንጂ መች ቆጠሩት?»

ሳቄ ከልቅሶዬ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ሁሉ ረጠበ። ታኩሮ በቱታው እጅጌ ፊቴን ሊጠርግልኝ ሲል በዘይት አጠቆረኝ፤ እሱን ሲያጸዳ የባሰ አደረገው።

«ቺዙሩ» አለኝ። «የቀረውን ዕድሜያችንን አብረን እየቆጠርን ብንኖርስ?»

«እሺ» አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። «እሺ፣ እሺ።»

«ቅርጫቱ ሞላ?» ብሎ ተጣራ አባቴ ከላይ።

«አልሞላም!» አልን አንድ ላይ።

ከተጋባን ሁለት ዓመት ሆነን። ደንቡ ደንብ ነው፣ የባለቤቴን ሥራ መጽሔቱ ላይ አልገመግምም፤ ያ አውሮፕላን ብቻ የሚያውቀው ሰውዬ ነው የሚገመግምልን። እኔ ቁርስ ላይ ነው የምናገረው። ታኩሮ ንድፉን ከሳህኖቹ መሀል ይዘረጋና እናቱ ሾርባ እየቀዱልን «ንገሪኝ» ይለኛል። እኔም የሚከፋውን ሁሉ ሳልደብቅ እነግረዋለሁ። አንዳንዴ እስከ ምሳ ያኮርፈኛል። ከዚያ መጥቶ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ እንደሰካ፣ «የትኛው ጋ ነው ያልሽኝ?» ይለኛል።